ባለሜዳው ጮራ ነው

ሰሞነ ሕማማት ረቡዕ ቀን መገኘት የነበረብኝ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የተገኘሁት ግን አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ባለ የአንድ ትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ ላይ ነው፤ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ የመኪና መስተዋት በረዶ መፋቂያ በእጄ ይዤ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ እነግራችኋለሁ። ለመፍረድ ግን አትቸኩሉ፤ እኔም በራሴ ላይ ገና ፈርጄ አልጨረስኩም።

በዚያን ጊዜ ስሜ ሲነሣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ጸዳለ? ያቺ ወረቀት የማይጠፋባት?» ነበር። ቤቴ ኩን ራፒድስ ነው። ሮቢንስዴል በሚገኝ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አጥባለሁ፣ በእንፋሎት እቀቅላለሁ፣ ቆጥሬ በየሣህኑ እደረድራለሁ። አንዲት መቀስ ከጎደለች ሣህኑ ከእጄ አይወጣም። ኑሮዬም እንደ ሥራዬ ነው። ጾም አልሽርም፣ ቀጠሮ አላረፍድም፣ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድቼ አላውቅም። ከሰው ጋር ተጣልቼም አላውቅም ነበር። ይህን ስል ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርቼ ነው። በዚህ አገር መጀመሪያ የለመድኩት ቃል «ሶሪ» ነው። ሰው ሲገፋኝ እንኳ ሶሪ የምለው እኔ ነበርኩ።

ኳስ ውስጥ የገባሁት በልጄ ምክንያት ነው። ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንጻዎች አጠገብ ሲጫወቱ የተዋወቁ ልጆች የመሠረቱት ጮራ የሚባል ቡድን አለ፤ ኦሮሞው፣ አማራው፣ የወሎ ሙስሊሙ፣ ኋላም ትግርኛ ተናጋሪው የተቀላቀለበት። ልጄ እዚያ ሲጫወት እኔ የተጫዋቾቹን መታወቂያ እይዝ ነበር። ልጄ ሥራ አግኝቶ ቴክሳስ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። ጸሐፊ አደረጉኝ። ሊቀ መንበሩ ሰይድ ነው፤ የወሎ ሰው፣ ሪቨርሳይድ ላይ ሱቅ ያለው። አሰልጣኙ ጉተማ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። «አዴ ጸዳለ» ይለኛል፤ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው።

ጮራ ለብዙ ዓመት የራሱ ሜዳ አልነበረውም። ከፓርክ ወደ ፓርክ ስንዞር ነው የኖርነው። አንድ ቅዳሜ ጨዋታ በተጀመረ በሃያኛው ደቂቃ ሌላ ቡድን መጥቶ «ሰዓቱ የእኛ ነው፣ ውጡ» አለን። የእነሱ አልነበረም። የፓርኩ ፈቃድ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እኔ ግን «ሶሪ» ብዬ ዕቃ መሰብሰብ ጀመርኩ። ግብ ጠባቂያችን ናሆም ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ሚኒሶታ ነው የተወለደው።

«እትዬ፣ ዊ ሃቭ ዘ ፐርሚት!» አለኝ።

«ተወው ልጄ፣ ጠብ ይቅርብን።»

ጓንቱን አውልቆ አየኝ። ያ አስተያየቱ ብዙ እሑድ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ይመጣብኝ ነበር።

በኋላ ያ የሴንት ፖሉ ትምህርት ቤት ሜዳውን በቋሚነት አከራየን። በዚያው ዓመት አማተሩም ባለሙያውም በሚካፈልበት ዋንጫ ተመዘገብን። ሦስት ማጣሪያ አለፍን። ቀጥሎ ዕጣ ሲወጣ የደረሰን ተጫዋቾቹ ከኳስ ሌላ ሥራ የማያውቁ፣ የራሱ ስታዲየም ያለው፣ የሌላ ስቴት ትልቅ ክለብ ነው። ዕጣው ላይ ከስማችን አጠገብ አንድ ቃል ተጽፏል፤ ባለሜዳ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ። ኬቨን የሚባል የትልቁ ክለብ ኃላፊ ነው። ድምፁ የለሰለሰ ነው።

«ሜዳችሁን በፎቶ አየነው» አለኝ። «ለእናንተም የሚሻለው ጨዋታው እኛ ጋ ቢሆን ነው። አውቶቡሱም ሆቴሉም በእኛ ነው። ልጆቻችሁ ትልቅ ስታዲየም ያያሉ። ትዝታ ይሆንላቸዋል።»

«እንነጋገርበታለን» አልኩት።

ማታ ከሰይድ ሱቅ ጀርባ ተሰበሰብን። ጉተማ ልቡ ሸፍቷል።

«አዴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ የእነሱ ሣር ምንጣፍ ነው።»

«አቦ ተወን!» አለው ሰይድ። «አንተ ሆቴሉን አስበህ ነው።»

«ሆቴሉንማ ምን አደርገዋለሁ፣ ቁርሱን ነው እንጂ።»

ተሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የውድድሩን መመሪያ ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ በቢጫ ቀለም አስምሬ ይዤ ነበር። «የሜዳችን ርዝመትም ወርድም ይበቃል። ባለሜዳ ለእንግዳው ማቅረብ ያለበት ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ተዘርዝሯል፤ ሁሉም አለን» አልኩ። «ይኸን ያህል ዓመት በየሰው ግቢ እንግዳ ነበርን። አንድ ቀን እኛ እንግዳ ብንቀበል ምን ይለናል? እምቢ እንበላቸው።»

ሰይድ ትኩር ብሎ አየኝ። «እት ጸዳለ፣ አንቺ ነሽ እምቢ ያልሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ጻፍኩላቸው። ኬቨን በአጭሩ መለሰ፤ እንግዲያው ሁሉም በደንቡ ይሁን አለ። ደንቡ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ በጨዋታው ዕለት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ ሜዳው ለጨዋታ ብቁ ካልሆነ፣ ጨዋታው በሚቀጥለው ሳምንት በእንግዳው ሜዳ ይደረጋል። ቀኑ ሲነገረን ረቡዕ ሆነ፣ ሰሞነ ሕማማት። ለእነሰይድ ደግሞ ረመዳን። እንዲቀየር ለውድድሩ ጻፍኩ፤ አይቻልም ተባልኩ። በልቤ ቀኑን ስግደት ውዬ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ጨዋታው ሲጀመር ልደርስ አስቤ ነበር።

ማክሰኞ ማታ በረዶ ጣለ። የሚኒሶታ ሚያዝያ መች ይታመናል። ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ በሩን ስከፍት በረዶው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ነው። ወዲያው ጉተማ ደወለ።

«አዴ፣ ሜዳው የለም።»

«የለም ማለት?»

«ነጭ ነው። የሚታየው የግቡ ቋሚ ብቻ ነው።»

ከቤቴ ወጥቼ ትልቁ መንገድ ላይ ስደርስ ቤተ ክርስቲያኑ በቀኝ ነው፤ ሜዳው በግራ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ቆምኩ። ቀይ ሆነ፣ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጥሩንባውን አምባረቀው። ሶሪ አላልኩትም። ወደ ግራ ታጠፍኩ። ለንስሐ አባቴ አልደወልኩም። ለምን ካላችሁ፣ ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው።

አንድ ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበርን። በሩን የከፈተልን የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ አዘነልን፤ ግን ሕጉን ነገረን። ሣሩ ሰው ሠራሽ ነው፤ በረዶ የሚጠርግ መኪና ከገባበት ይቀደዳል። የብረት አካፋ አይነካውም፣ ጨው አይነሰነስበትም። ፕላስቲክና እንጨት ብቻ። ተጫዋቾቹን ጉተማ ከቤት እንዳትወጡ ብሏቸዋል፤ ለማታ እግራቸው ያስፈልጋል። እኔ በቡድኑ የስልክ መልእክት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ሜዳ ላይ ነኝ። እስከ ስምንት ሰዓት ካልጸዳ ጨዋታው ይወሰድብናል። የፕላስቲክ አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ።» «ጸዳለ ናት በሕማማት ሜዳ የወጣችው?» ብለው ያላመኑ ነበሩ አሉ። ሊያዩኝ የመጡም አካፋ ተሰጣቸው።

በሦስት ሰዓት ከስልሳ በላይ ሆንን። ከሌሊት ፈረቃ የወጡ ነርሶች ከነሥራ ልብሳቸው መጡ። መጋዘን የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ መጡ። የሰይድ ሚስት ዘሀራ ጓደኞቿን በሁለት መኪና ጭና መጣች። ሰይድ ከሱቁ ትልልቅ ሸራ አመጣ። በረዶውን ሸራ ላይ እንቆልላለን፤ ከዚያ አራት ሰው አራቱን ጫፍ ይዞ እየጎተተ ከመስመር ውጭ ይደፋዋል። ሥራውን የሚያቀናጅ ዜማ ያስፈልግ ነበር፤ እኛ ደግሞ በሕማማት ጭብጨባም ከበሮም የለንም። ሰይድ መንዙማ ጀመረ። ድምፁ ጥሩ ነው። እሱ ሲያወጣ ወገኖቹ ይቀበላሉ፣ ሸራው ይሄዳል።

«አንተ ሰይድ፣ ቀስ በል!» ይላል ጉተማ። «ዜማህ ፈጥኖ ወገቤን ሰበረው።»

«ወላሂ አንተ ወገብ እንዳለህም ዛሬ ነው ያወቅከው። አሥር ዓመት ተቀምጠህበት!»

እኔ ባጎነበስኩ ቁጥር «ኪራላይሶን» እላለሁ። ስግደቱን ተካሁት አልላችሁም፤ አልተካሁትም። አፌ ግን በዚያ ሳምንት ሌላ ቃል አልነበረውም። ከሜዳው ሰው አብዛኛው ጾመኛ ነው። ማንም ውሃ አልጠየቀም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ሰዎች በበሩ ገቡ። አንዷ የውድድሩ ተወካይ ዶና ናት፤ ጸጉሯ ነጭ፣ ቡትስ የተጫማች፣ በመንኮራኩር የሚገፋ መለኪያ የያዘች። ሌላው ኬቨን ነው። በቀጭን የቢሮ ጫማ መጥቷል፤ ገና ከበሩ ሳይርቅ ጫማው ርሷል። ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ ጎንበስ አልኩ።

ከእኔ ቀጥሎ ላለችው የቤተ ክርስቲያን እኅቴ ዘረጋ። እሷም ደረቷ ላይ አጣምራ ጎንበስ። ከእሷ ቀጥሎ ለዘሀራ ዘረጋ። ዘሀራ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ አለችለት። ከእሷ ቀጥሎ ለነበሩት ሽማግሌ ዘረጋ፤ እሳቸው ከአርባ ዓመት በላይ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። ያ እጅ ከሰው ወደ ሰው ዞሮ ባዶውን ተመለሰ። ኬቨን ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ዶና፣ ይህን መዝግቢልኝ» አለ። «ገና ሳይጀመር እጃችንን የማይጨብጥ ሕዝብ ፊት ቡድኔን አላቀርብም። የተጫዋቾቼ ደኅንነት አለ።»

በረዶውን በአካፋ እንገፋዋለን፤ ይህን ግን እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ የእኔ ጥንቃቄ። ሶሪ ልል አፌን ከፈትኩና ዋጥኩት።

«ላስረዳዎት» አልኩ። «ይህ ሳምንት ጌታችን ተላልፎ የተሰጠበት ነው። የሰጠው ሰው በሰላምታ ነው የሰጠው፣ ስሞ። ስለዚህ እኛ በዚህ ሳምንት አንሳሳምም፣ እጅም አንጨባበጥም፤ እርስ በርሳችንም። ባሌ ቢመጣ እሱንም አልጨብጠውም።»

ጉተማ ከሜዳው መሐል እየሮጠ ደርሶ ነበር። በአማርኛ «ባሏ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ቢመጣማ እኛም አንጨብጠውም!» አለ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ኬቨን በእሱ የተሳቀ መሰለውና ይበልጥ ቀላ።

«እንግዲህ እኔ ይሁዳ ነኝ ማለት ነው?»

«አይደሉም። ማንም እንዳይሆን ነው ማንም የማይጨብጠው።»

«እሷስ?» ወደ ዘሀራ ጠቆመ።

«እሷ ዓመቱን ሙሉ ባዕድ ወንድ አትጨብጥም። የእኔ እስከ እሑድ ነው።»

«እንግዳ የምትቀበሉት እንዲህ ነው?» አለኝ።

ይህች ቃል አቃጠለችኝ። ሰይድ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ «እት ጸዳለ፣ አንዴ ጨብጪውና ይለቀን። አላህ ልብሽን ያያል፣ ያንቺም ጌታ ያያል» አለኝ። ክፉ አልመከረኝም። ቀኝ እጄ ከደረቴ ላይ ላላ። ስልሳ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። አንድ መጨበጥ ነው፣ አንድ ሴኮንድ። ከዚያ ግን ተረዳሁት፤ ዛሬ ሜዳዬን ላለማጣት ሥርዓቴን ብሰጠው፣ ነገ ሌላው መጥቶ ሌላ ይጠይቀኛል፤ እኔም ሶሪ እያልኩ እሰጣለሁ።

እጄን መልሼ አጣመርኩ። ቀጥሎ ቦርሳዬን ከፍቼ መመሪያውን ከነላስቲኩ አወጣሁ።

«ገጽ አሥራ ዘጠኝ» አልኩ። «ባለሜዳ ለእንግዳ ማቅረብ ያለበት ይኸው። የሚቆለፍ ልብስ መቀየሪያ፣ አለን። ፎጣ፣ ታጥቦ ተተኩሷል። ሐኪም፣ ቃሬዛ፣ ጥበቃ፣ አለን። የመጠጥ ውሃ፣ አለን። ለተጎዳ የሚያዝ በረዶ...» ዙሪያዬን አየሁ። «በረዶም እንደሚያዩት አላነሰንም። ባለሜዳው እጅ ይጨብጥ የሚል ካለ ያሳዩኝ፣ አሁኑኑ እጨብጥዎታለሁ።»

ዶና መጽሐፉን ተቀበለችኝ። መነጽሯን አደረገች። ገጽ አሥራ ዘጠኝን አነበበች፣ ሃያን ገለጠች፣ ወደ አሥራ ስምንት ተመለሰች። ከአካፋው ሁሉ አንድም አልተንቀሳቀሰም።

«የለም» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ኬቨን ዞራ፣ «በረዶውንም አሟልተዋል» አለችው።

ከዚያ በኋላ ለኬቨን ወንበር አመጣንለት። ዘሀራ ከሰይድ መኪና ደረቅ ካልሲ አምጥታ ሰጠችው፤ እኔ ከቴርሞስ ሻይ ቀዳሁለት። ለእንግዳ ያዘጋጀነው ነው። አንድ ጊዜ ፉት አለና ቀና ብሎ አየን።

«እናንተ አትጠጡም?»

«እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። እነሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ።»

«ውሃም?»

«ውሃም።»

ሜዳውን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «ስምንት ሰዓት» አለኝ።

«ስምንት ሰዓት» አልኩት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከሰሜኑ የፍጹም ቅጣት ክልል በቀር ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። የሰሜኑ በኩል ግን የተመልካች መቀመጫው ጥላ ያርፍበታል። የላዩ በረዶ ሲነሣ ከሥሩ እንደ መስተዋት የተለጠፈ ግግር ወጣ። የፕላስቲክ አካፋ ይንሸራተትበታል። በእንጨት መታነው፤ እንጨቱ ተሰበረ። አንዱ «ሙቅ ውሃ እናፍስበት» አለ፤ ተመልሶ ይጋገራል አልነው። ጉተማ አካፋውን ጥሎ ቁጭ አለ። ቀልዱ ሲያልቅበት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጓንቴ ስለራሰ ሌላ ላመጣ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። የኋላውን በር ስከፍት የመስተዋት መፋቂያው ወለሉ ላይ ተጋድሟል። እዚህ አገር ያለ እሱ መኪና የሚነዳ የለም፤ ክረምቱን ሙሉ በየጠዋቱ እንፍቅበታለን። ፕላስቲክ ነው። ስለት አለው፣ ሣር ግን አይቆርጥም። ይዤው እየሮጥኩ ተመለስኩ፤ ከሃያ ዓመት ወዲህ ሮጬ አላውቅም። ተንበርክኬ አንድ ጊዜ ሳብኩት። ግግሩ እንደ ቅርፊት ተላጠና ሣሩ ታየ።

«ሁላችሁም ወደ መኪናችሁ!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄን እኔው አላወቅኩትም።

እየተንጋጉ ሄደው እየተንጋጉ መጡ። ስልሳ ሰው በተርታ ተንበረከከ። የፍቂያው ድምፅ ዝናብ ይመስላል። ናሆም የአሰልጣኙን ትእዛዝ ጥሶ መጥቶ ከአጠገቤ ተንበረከከ።

«አንተ!» አለው ጉተማ። «ሂድና ተኛ! ማታ እግርህ ያስፈልገኛል!»

«ኮች፣ አይ ፕሌይ ዊዝ ማይ ሃንድስ።»

«እጅህንም ነው የምፈልገው! ተነሥ!»

አልተነሣም። ጉተማም እየተራገመ ከጎኑ ተንበረከከ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ እነሰይድ ተነሥተው መሐል ሜዳ፣ በጸዳው ላይ ተሰልፈው ሰገዱ። እኛ መፋቃችንን አላቆምንም። ኬቨን ከወንበሩ ተነሥቶ «ምን እያደረጉ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሜዳውን እየሞከሩት ነው» አለው ጉተማ። «ግንባር ካልጎዳ እግር አይጎዳም።»

ለስምንት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር ዶና ቆመን እንድንጠብቅ ነገረችን። መስመሩን ተከትላ ዞረች። ኳስ አንከባለለች፤ ኳሱ ሄደ። ሰሜኑ ክልል ገብታ እየቆመች በጫማዋ ጫን ጫን አደረገች። የፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ ላይ ስትደርስ ቆመች። አጎነበሰች። መዳፍ የምታህል ግግር ቀርታለች። ቀና ብላ አየችን። ኬቨን ሰዓቱን አየ።

ፈቃድ አልጠየቅኩም። ሄጄ ከእግሯ ሥር ተንበረከክሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሳብኩ። ተላጠች። ቁራጯን አንሥቼ ኪሴ ከተትኳት፤ ሜዳው ላይ እንዳትቀር።

ዶና ሰዓቷን ተመለከተች። «ጨዋታው እዚህ ነው» አለች።

ስለ ጨዋታው ብዙ አልነግራችሁም። ፎጣቸውን ሰጠናቸው፣ ውሃቸውን ሰጠናቸው፣ ክፍላቸውን ከፈትንላቸው። ገና በአሥረኛው ደቂቃ አገቡብን። ከዕረፍት በፊት ደገሙን። ልጆቻቸው እንደ ፈረስ ናቸው። ከዕረፍት መልስ ግን ጮራ ሌላ ሆኖ ወጣ። በሰባኛው ደቂቃ ገደማ ከማዕዘን የተመታ ኳስ በሰሜኑ ክልል ውስጥ ተተራመሰ፤ የዘሀራ ወንድም ልጅ፣ ከንጋት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰው ተከላካያችን፣ በጉልበቱ ይሁን በሆዱ ሳይታወቅ ከመረቡ አገናኘው።

እልል ልል እጄን አፌ ላይ አደረግኩና ሕማማት መሆኑ ትዝ አለኝ። ጎን ለጎን የተሰለፍነው ሁሉ አፋችንን በነጠላችን አፍነን እንንቀጠቀጣለን። ዘሀራ ዞራ አየችን፣ ገባት። «አብሽሩ፣ እኛ አለን!» ብላ ከነጓደኞቿ እልልታውን አቀለጠችው፤ የራሳቸውንም፣ የእኛንም። በመጨረሻው ደቂቃ የመታነው ኳስ ቋሚውን ገጭቶ ወጣ። ፊሽካው ሲነፋ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ሁለት ለአንድ። ተሸነፍን። ከተመልካቹ ግን የወጣ አልነበረም። ቆመን፣ እንግዶቻችንን በበራችን ሸኘናቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት ከእናንተም መሐል እንደ እኔ ሶሪ እያለ የሚኖር ይኖራል። አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ትሕትና ይመስለኝ የነበረው አብዛኛው ፍርሃት ነበር። ትሕትና ለእግዚአብሔርና ለሰው ነው፤ የራስን ሜዳ ለመጣ ሁሉ መልቀቅ ግን ማንንም አያጸድቅም። ትልቅ ሰው መጥቶ በለሰለሰ ድምፅ «ለእናንተም ይሻላል» ሲላችሁ፣ የቱ ገጽ ላይ እንደተጻፈ ጠይቁት። ከተጻፈ ታዘዙ። ካልተጻፈ እጃችሁን አጣምራችሁ ቁሙ። ይጠሏችኋል ብላችሁ አትፍሩ። ሲበዛ ጆሯቸው ይቀላል፤ ከዚያ ሻይ ቅዱላቸው።

ከትንሣኤ በኋላ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ወለተ ኪዳን» አሉኝ በክርስትና ስሜ፣ «ረቡዕ የት ነበርሽ? ባጣሽ ታመሽ ነው ብዬ ነበር።»

«ኳስ ሜዳ ነበርኩ፣ አባ።»

ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ መብራቱ ላይ መቆሜን፣ ሳልደውልላቸው መቅረቴን፣ መፋቂያውን። ቀኖናዬን ሰጡኝ። ስንት ስግደት እንደሆነ በእኔና በእሳቸው መካከል ነው፤ ጉልበቴ ያውቀዋል።

«በይ እንግዲህ፣ ዳግመኛ አላደርገውም በይ» አሉ።

«ይህን ማለት አልችልም፣ አባ። በኃጢአቴ ላይ ውሸት እጨምርበታለሁ።»

«ታዲያ ይህ ምን ንስሐ ነው?»

«ንስሐ የገባሁት ስግደቱን ስለተውኩ ነው። ሜዳውን ስለጠረግኩ አይደለም።»

መስቀላቸውን በእጃቸው ላይ አገላበጡ።

«ለመሆኑ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስንት ለስንት ወጣችሁ?»

«ሁለት ለአንድ ተሸነፍን።»

«በሜዳችሁ?»

«በሜዳችን» አልኩ።